ጠባብ የፒያሳ መንገዶች፣ አሮጌ ቤቶችና አልትራ ዋይድ ፕራይም ሌንስ፦ 14 ወይስ 20 ሚሊ ሜትር?

ጥያቄ፦ ከ«የደጃች ውቤ»

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች።

በአንድ አነስተኛ የሥነ ሕንፃ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። በአሁኑ ወቅት የተሰጠኝ ኃላፊነት በፒያሳና በዙሪያው ቆመው የሚገኙትን አሮጌ ቤቶች፣ ማለትም የእንጨት በረንዳ፣ የውጭ ደረጃና የቆርቆሮ ክዳን ያላቸውን ባለ አንድና ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃዎች፣ ከውጭም ከውስጥም በፎቶግራፍ መዝግቦ ማስቀመጥ ነው። ካሜራዬ ፉል ፍሬም (ምስሉ የሚያርፍበት ሴንሰር የ35 ሚሊ ሜትር ፊልምን የሚያህል) ሲሆን እስካሁን የምገለገለው ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር በሚደርስ ዙም ሌንስ ነው። መንገዱ ጠባብ በመሆኑ ጀርባዬ ከማዶው አጥር ጋር እስኪጣበቅ ድረስ ባፈገፍግም የቤቱ ክዳን ከፍሬሙ ውጭ ይቀራል፤ ክዳኑን ለማስገባት ካሜራውን ቀና ሳደርግ ደግሞ ሕንፃው ወደ ኋላ ሊወድቅ የተቃረበ ይመስላል።

ይህን ችግር ይፈታልኛል ብዬ ሰሞኑን ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ 14 ሚሊ ሜትር፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) እስከ ኤፍ 2.8 የሚከፈት፣ ፎከሱም በእጅ የሚስተካከል የሳምያንግ ሌንስ ተውሼ ሞከርኩ። በእርግጥ ሁሉም ነገር ይገባል፤ እንዲያውም የማልፈልገው የመብራት ሽቦ፣ የቆመ መኪናና የራሴ ጥላ ጭምር ይገባል። ነገር ግን ቋሚ መስመሮቹ ከበፊቱ በባሰ ሁኔታ አዘነበሉ፤ በፍሬሙ ጠርዝ በኩል የቆሙ ሰዎችም ፊታቸው ወደ ጎን የተለጠጠ ሆኖ ወጣ። ባልደረባዬ ሌንሱን በተመጣጣኝ ዋጋ ሊሸጥልኝ ፈቃደኛ ነው። ሌላው አማራጭ ገንዘብ አጠራቅሞ ራሱ ፎከስ የሚያደርግ፣ ኤፍ 1.8 የሆነ 20 ሚሊ ሜትር ሌንስ መግዛት ነው።

ሁለት ነገሮችን እንድታስረዱኝ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ 14 ይሻላል ወይስ 20? ሁለተኛ፣ ዙም በማያደርግ ሌንስ ጠባብ ቦታ ላይ መሥራት ራስን ማሰር አይሆንም ወይ? ስለምትሰጡኝ ጊዜ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከ«ባለ ትራይፖድ»

ወንድሜ፣ ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ የሚመስለው በሌንሱ ጥፋት አይደለም። የካሜራው ሴንሰር ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆኖ እስከቆመ ድረስ በየትኛውም የተለመደ ሌንስ የግድግዳው ቋሚ መስመሮች ቋሚ ሆነው ይቀራሉ፤ ካሜራው ወደ ላይ ቀና ባለ ቁጥር ግን መስመሮቹ ወደ ላይ እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። በ50 ሚሊ ሜትር ጥቂት ቀና ቢል ማንም ልብ አይለውም፤ በ14 ሚሊ ሜትር ግን ያው ትንሽ ማዘንበል በፍሬሙ ዳርና ዳር ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ከሌንሱ ቀድሞ የሚያስፈልግዎ ትራይፖድና ውሃ ልክ ነው። ግንበኛ ያለ ውሃ ልክና ያለ ቱንቢ ድንጋይ እንደማያስቀምጥ ሁሉ፣ በአልትራ ዋይድ፣ ማለትም እጅግ ሰፊ እይታ ባለው ሌንስ፣ ሕንፃ የሚያነሳ ሰውም በካሜራው ስክሪን ላይ የሚታየውን የውሃ ልክ ምልክት አስተካክሎ ሳይጨርስ የሻተሩን ቁልፍ መንካት የለበትም።

ካሜራው ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ተራ የሂሳብ ጉዳይ ነው። ቁመቱ 12 ሜትር የሆነ ቤት እንውሰድ፤ ካሜራው ደግሞ ከመሬት 1.6 ሜትር ከፍ ብሎ ይቁም እንበል። ፉል ፍሬም ካሜራን በቁመቱ አቁመው፣ ሳያዘነብሉ፣ ክዳኑን ጨርሶ ለማስገባት በ24 ሚሊ ሜትር ወደ 14 ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልግዎታል፤ በ20 ሚሊ ሜትር ከ11 ተኩል ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ በ14 ሚሊ ሜትር ግን 8 ሜትር ይበቃል። ካሜራውን በአግድሙ ከያዙት በ14ም ቢሆን 12 ሜትር ያህል ማፈግፈግ ይኖርብዎታል። እንግዲህ 14 እና 20 የሚለው ክርክር በእርስዎ ሁኔታ የሚወሰነው በመንገዱ ስፋት ነው። ከቢሮ ሜትር ይዘው ይውጡና ሊያነሷቸው ያሰቧቸውን መንገዶች ይለኩ፤ መልሱን ከእኛ ይልቅ ሜትሩ ይነግርዎታል።

ይሁን እንጂ ሌንስ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። ከቤቱ ትይዩ ካለው ሕንፃ ባለቤት ፈቃድ ጠይቀው ወደ በረንዳው ወይም ወደ ፎቁ መስኮት ይውጡ። ካሜራው ከመሬት 6 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ማለትም ከቤቱ ቁመት እኩሌታ ላይ ቢቆም፣ ያንኑ 12 ሜትር ቤት በያዙት ዙም በ24 ሚሊ ሜትር ከ8 ሜትር ርቀት ሙሉ በሙሉ ያገኙታል። ይህም 14ቱ ከመሬት ላይ የሚጠይቀው ርቀት ነው። ከዚህም በላይ ፎቶው የተሻለ ይሆናል፤ ምክንያቱም ከመሬት በ14 ሚሊ ሜትር ካሜራውን አስተካክለው ሲያነሱ ከፍሬሙ ታችኛው ክፍል አርባ ከመቶ የሚበልጠው አስፋልት ብቻ ነው። ያንን ቆርጠው ሲጥሉት ባለ 24 ሜጋ ፒክሰል ካሜራ ወደ 14 ሜጋ ፒክሰል ይወርዳል። ለመዝገብ ሥራ ይህ አይበቃም አልልም፤ ነገር ግን ከፍታ ባለበት ቦታ ሁሉ ከፍታውን ማስቀደም ይሻላል።

ከፍታም ስፋትም በሌለበት፣ ለምሳሌ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ በሚገቡት ቅያሶች ውስጥ፣ 14ቱ ምትክ የለውም። ቢሮዎ አቅሙ ካለው ደግሞ የሌንሱ አካል ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተትባቸው የሺፍት ሌንሶች ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ናቸው። የካኖን 17 ሚሊ ሜትርና የኒኮን 19 ሚሊ ሜትር በዚህ ረገድ የታወቁ ሲሆኑ አስፋልቱን ሳያስገቡ ክዳኑን ያስገባሉ። ዋጋቸው ግን ከብዙዎቻችን አቅም በላይ ነው።

መልስ፦ ከ«ሰባራ ባቡር»

ባለ ትራይፖድ የሰጡት ስሌት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ውይይቱ በሙሉ «እንዴት አድርጌ ሁሉንም ላስገባ» በሚለው ሐሳብ ላይ መሽከርከሩ አልተዋጠልኝም። አልትራ ዋይድ ሌንስ የሚገዛው ከራቀ ነገር ብዙ ለማስገባት ሳይሆን ወደ አንድ ነገር እጅግ ለመቅረብ ነው። ይህን ለማየት ወደ ቸርችል ጎዳና ይውረዱና ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ሆነው በ14 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ያንሱ። ዓይንዎ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ገዝፎ የሚያየው ሕንፃ በፎቶው ላይ ከመንገድ መብራቱ አምፖል ያነሰ ሆኖ ይወጣል፤ ያ ቦታ የረጅም ሌንስ እንጂ የዋይድ አይደለም። በአንጻሩ እዚያው ዞር ብለው ወደ አንበሳው ሐውልት ይጠጉ፤ የድንጋዩ ቅርጽ ማዕዘንና ጥላ ፍሬሙን ሲሞላው ከበስተጀርባ ያሉት ሕንፃዎች ሁሉ ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፤ አንበሳውም ከነሱ ሁሉ የገዘፈ ይመስላል።

የዳግማዊ ምኒልክን የፈረስ ሐውልት በዚህ ሌንስ ለማንሳት የሞከረ ሰው ሌላኛውን ገጽታ ያውቀዋል። ከሥሩ ቆመው ቀና ብለው ካነሱ የፈረሱ የፊት ሰኮናዎች ፍሬሙን ይሞሉታል፤ የንጉሠ ነገሥቱ ፊት ግን እዚያ ላይ ሩቅና ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ሐውልቱ የቆመው ለፈረሱ ሰኮና ካልሆነ በቀር ይህ ፎቶ ልክ አይደለም። ጥቂት ርቀው በ35 ቢያነሱት ሰውየው ወደ ቦታው ይመለሳል።

ወደ ጠያቂያችን ስመለስ፣ በጠርዝ ላይ የተለጠጡትን ሰዎች በተመለከተ ባለ ትራይፖድ ምንም አላሉም። ቀጥ ያለ መስመርን ቀጥ አድርጎ የሚያሳይ ዋይድ ሌንስ ሁሉ ይህን ዋጋ ያስከፍላል፤ መስመሩን የሚያጎብጡት የፊሽ አይ ሌንሶች ናቸው በዚህ ረገድ ፊትን ብዙም የማይለጥጡት። በአግድም በተያዘ ካሜራ ጎን ጠርዝ ላይ ያለ ክብ ነገር በ14 ሚሊ ሜትር ወርዱ ከቁመቱ 1.6 እጥፍ ያህል ይሆናል፤ በ20 ሚሊ ሜትር 1.35፣ በ35 ሚሊ ሜትር 1.12 ያህል ነው። ከዚህ የተነሳ በ20 ሚሊ ሜትር ሰው ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ እስከቆመ ድረስ ማንም አይታዘብዎትም፤ በ14 ግን የሰው ፊት የፍሬሙን መሃል ካልያዘ ባለቤቱ ፎቶውን ሲያይ ይቀየምዎታል፤ መቀየሙም ተገቢ ነው።

የሚመዘግቡት ባዶ ግድግዳ ብቻ ካልሆነ፣ ማለትም በበረንዳው ላይ ቡና የምታፈላ እናት፣ በደረጃው ሥር ጫማ የሚያሳምር ልጅ፣ በበሩ ላይ የቆመ ባለ ሱቅ የቤቱ ታሪክ አካል ከሆኑ፣ እኔ ያለ ማመንታት 20ን እመርጣለሁ። ፕራይም መሆኑም፣ ማለትም ዙም አለማድረጉም፣ አያስርዎትም። በዙም የሚሠራ ሰው ቆሞ ያጠባል ያሰፋል፤ በፕራይም የሚሠራ ሰው ግን የሚቆምበትን ቦታ ይመርጣል፤ በዋይድ ሌንስ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደፊት ወይም ወደኋላ የፎቶውን ነገር በሙሉ ይለውጠዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ካሜራውን ከማንሳትዎ በፊት ፍሬሙ የት ላይ እንደሚያልቅ በዓይንዎ ማወቅ ይጀምራሉ።

ከጠያቂው፦ «የደጃች ውቤ»

ለሁለታችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። የመንገዶቹን ስፋት እንደተባለው ለክቼ ነበር፤ ብዙዎቹ ከአጥር እስከ ግድግዳ 9 ሜትር እንኳን አይሞሉም፤ በሁለቱ ላይ ብቻ ከማዶ ወዳለ በረንዳ ለመውጣት ፈቃድ አግኝቻለሁ። ከዚህ አንጻር ለውጭ ገጽታው 14ቱ አስፈላጊ ይመስላል።

አሁን የቸገረኝ የውስጡ ነው። ክፍሎቹ ጨለማ ናቸው፤ በበሩ በኩል የሚገባው ብርሃን ደግሞ እጅግ ኃይለኛ ነው። የሳምያንጉ ፎከስ በእጅ ስለሆነ በስክሪኑ ላይ ጥርት ያለ የመሰለኝ ፎቶ ቢሮ ገብቼ ስከፍተው ደብዘዝ ብሎ ይገኛል። በተጨማሪም ሥራው በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ቅጥር ግቢ አካባቢም ስለሚቀጥል፣ ስለ ካቴድራሉ ውጫዊና ውስጣዊ አነሳስ የምታውቁት ካለ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ከ«ጥቁርና ነጭ»

ከዚህ በላይ ያሉትን መልሶች በጥሞና አንብቤአለሁ፤ እኔ በቀረው ላይ ልጨምር።

ስለ ፎከሱ፦ በ14 ሚሊ ሜትር በዓይን ለማስተካከል መድከም አያስፈልግም። በፉል ፍሬም ካሜራ አፐርቸሩን ኤፍ 8 ላይ አድርገው ፎከሱን ከ80 እስከ 85 ሳንቲ ሜትር ባለ ርቀት ላይ ቢያደርጉት፣ ከ40 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ከሚበልጥ ርቀት ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ያለው ሁሉ ለተለመደው የፎቶ መጠን በቂ ጥራት ይኖረዋል። በ20 ሚሊ ሜትር ይኸው ርቀት 1.7 ሜትር ሲሆን ጥራቱ ከ85 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጀምራል። ችግሩ በሳምያንጉ ሌንስ ቀለበት ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ከእውነተኛው ርቀት ጋር ብዙ ጊዜ አለመግጠማቸው ነው፤ ዋጋውን ርካሽ ካደረጉት ነገሮች አንዱም ይህ ነው። ስለዚህ ካሜራውን በትራይፖድ ላይ አድርገው ከሴንሰሩ 85 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ይስቀሉ፤ ስክሪኑን አጉልተው ፎከሱን በኤፍ 2.8 ያስተካክሉ፤ ከዚያም ቀለበቱ የቆመበትን ቦታ በነጭ ቀለም ወይም በቀጭን ፕላስተር ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ በኋላ በጨለማ ክፍል ውስጥም ቢሆን ቀለበቱን ወደ ምልክቱ መልሰው መሥራት ነው። ትልቅ ሕትመት የሚታሰብ ከሆነ ግን ፎከሱን ትንሽ ራቅ ማድረግ ይመከራል፤ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 16 እና ከዚያ በላይ መዝጋት ጥራቱን መልሶ ይቀንሰዋል።

ስለ ብርሃኑ፦ የቆርቆሮ ክዳን ካላቸው ከእነዚህ ቤቶች በአብዛኞቹ ብርሃን የሚገባው በበርና በአንድ ወይም በሁለት ትንንሽ መስኮቶች ብቻ ነው። ትራይፖድ ስላለዎት አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ዝቅ አድርገው፣ ፍሬሙን ሳይነኩ ሦስት ወይም አምስት ፎቶዎችን በተለያየ የሻተር ፍጥነት ያንሱና በሶፍትዌር ያዋሕዷቸው። በእጅ መያዝ የግድ ከሆነ ዋይድ ሌንስ እዚህ ላይ ይረዳዎታል፤ በ14 ሚሊ ሜትር 1/15 ሰከንድ እንኳን በረጋ እጅ ይያዛል። ከሁሉ በላይ ግን ሰዓት ይምረጡ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማገባደጃ ፀሐይ ቀትር ላይ፣ በእኛ ሰዓት ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች፤ በዚያን ጊዜ የክዳኑ ጥላ ግድግዳውን ይሸፍነዋል፤ በረንዳ ያለው ቤት ደግሞ እንደ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ፊታቸው ወደ ሰሜን የሆነ ቤቶች ቀኑን ሙሉ በጥላ ውስጥ ይውላሉ፤ እነሱን በሰኔ በጠራ ጠዋት ማንሳት ይሻላል። ከመሸ በኋላ የሚቆየው ሰማያዊ ብርሃን በእኛ አገር ከ20 ደቂቃ ብዙም አይዘልቅም፤ ስለዚህ ለዚያ ሰዓት አንድ ቤት መርጠው ቀደም ብለው ትራይፖድዎን ተክለው ይጠብቁ እንጂ ከቤት ወደ ቤት አይሩጡ።

የፍሬሙ ማዕዘኖች ጨለም ማለታቸውን ልብ ብለው ይሆናል። ብርሃን ወደ ሴንሰሩ በሰያፍ በመጣ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል፤ ሌንስ ሠሪዎች ባያስተካክሉት ኖሮ በ14 ሚሊ ሜትር ማዕዘን ላይ የሚደርሰው ብርሃን ከመሃሉ ብርሃን አሥር ከመቶ እንኳን ባልሞላ ነበር። በ1900 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ የወጣውና ሃይፐርጎን የተባለው የጀርመኑ የጎርዝ ሌንስ ለዚህ ያበጀው መላ አሁንም ያስገርመኛል፤ ከሌንሱ ፊት በአየር ግፊት የምትሽከረከር የኮከብ ቅርጽ ያላት ትንሽ ማራገቢያ ነበረችው፤ እሷም የመሃሉን ብርሃን እየከለለች ማዕዘኖቹ እስኪደርሱበት ትጠብቅ ነበር። የዛሬ ሌንሶች ችግሩን በመስታወት አደራደር አቃለውታል፤ የቀረውን አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 5.6 ወይም 8 በመዝጋትና በሶፍትዌር ማስተካከል ይቻላል።

ካቴድራሉን በተመለከተ፣ ሕንፃው ስምንት ማዕዘን መሆኑን ያስቡ። ከአንዱ ገጽ፣ የገጹን ወርድ ግማሽ በሚያህል ርቀት ውስጥ ከቆሙ፣ አጠገቡ ያሉት ሁለት ገጾች በየትኛውም ሌንስ ቢሆን አይታዩዎትም። ስለዚህ ጠጋ ብሎ በ14 ማንሳት እዚህ የሕንፃውን ቅርጽ ይደብቀዋል፤ ሌላ አራት መዓዘን ግድግዳ ያስመስለዋል። ከዛፎቹ በኩል ራቅ ብለው፣ ከማዕዘኑ ፊት ለፊት ቆመው በ24 ወይም በ35 ቢያነሱት ስምንት ማዕዘንነቱ ይነበባል። ውስጡ ግን ተቃራኒ ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ በመሃል ስለሆነ በዙሪያው ያለው ስፍራ ለማፈግፈግ አይመችም፤ በግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች ከነጣሪያቸው ለማሳየት 14ቱ ዋጋውን የሚያወጣው እዚያ ነው። አስቀድመው ከደብሩ አስተዳደር ፈቃድ ይጠይቁ፤ ጫማ እንደሚወልቅ ያውቁታል፤ ፍላሽ ጨርሶ አይጠቀሙ፤ ቅዳሴና ማሕሌት ባለበት ሰዓትም ትራይፖድ ይዘው አይግቡ።

መልስ፦ ከ«ባለ ትራይፖድ»

ጥቁርና ነጭ ስለ ካቴድራሉ የጻፉት ነገር ጥሩ ማስተካከያ ነው። ሰባራ ባቡር ግን ሰውንና ሕንፃን አንድ ላይ ስለቀላቀሉ ልለያያቸው እወዳለሁ። የሥነ ሕንፃ ቢሮ የሚፈልገው መዝገብ የመስኮቱ ወርድና የምሰሶው ርቀት የሚነበብበት ነው፤ ሰው በውስጡ ቢኖር መልካም፣ ባይኖርም ጉዳት የለውም። ጠፍጣፋ ግድግዳን ከፊት ለፊቱ፣ ሴንሰሩን ትይዩ አድርጎ በ14 ማንሳት የመስኮቶቹን መጠን አያዛባም፤ በጠርዝ ያለው መስኮት በመሃል ካለው ጋር እኩል ሆኖ ይወጣል። የሚዛባው ከግድግዳው ወጣ ያለ ነገር፣ ማለትም በረንዳ፣ ደረጃና ሰው ነው።

በዚህ ሌንስ ላይ ግን ጠያቂያችን ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሳምያንጉ 14 ኤፍ 2.8 ቀጥ ያለውን የክዳን ጠርዝ መሃሉ ላይ አጉብጦ ዳርና ዳሩ ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ መልሶ ያጎብጠዋል፤ ስለዚህ በሶፍትዌሩ ተራ ማስተካከያ አይስተካከልም። የሌንሱ ፕሮፋይል፣ ማለትም የሌንሱን ጉብጠት ለሶፍትዌሩ የሚነግር ፋይል፣ ያስፈልጋል። አንዳንዶቹ የእጅ ሞዴሎች ከካሜራው ጋር የሚገናኙበት የኤሌክትሪክ ነጥብ ስለሌላቸው ሶፍትዌሩ ሌንሱን በራሱ አያውቀውም፤ ፕሮፋይሉን በእጅዎ መርጠው መጫን አለብዎት። ይህን ካላደረጉ ቢሮዎ ውስጥ ያሉ መሐንዲሶች የቤቱ ክዳን ሰምጧል ብለው ይመዘግቡብዎታል።

መልስ፦ ከ«ሰባራ ባቡር»

የግድግዳውን ነገር እቀበላለሁ። ነገር ግን እነዚህ ቤቶች ጠፍጣፋ ግድግዳ አይደሉም፤ የሚታወቁትም በዚያው ወጣ ባለው በረንዳና በውጭ ደረጃቸው ነው። ጠያቂያችን ራሳቸው በጥያቄያቸው መጀመሪያ የጠቀሱት እነሱን ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቤት ቢያንስ በረንዳውን ለብቻው፣ ባላቸው ዙም በ35 ወይም በ50 ሚሊ ሜትር አካባቢ እንዲያነሱ እመክራለሁ። በ14 ብቻ የተመዘገበ በረንዳ ከእውነተኛው ይልቅ ወደ መንገዱ አንድ እርምጃ ወጥቶ የሚታይ በረንዳ ነው።

ከጠያቂው፦ «የደጃች ውቤ»

ጋሼ ባለ ትራይፖድ፣ ሰባራ ባቡር፣ ጥቁርና ነጭ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐሳቤን ወስኛለሁ፤ ለጠባቦቹ ቅያሶችና ለውስጥ ክፍሎች የባልደረባዬን 14 እገዛለሁ፤ በረንዳዎቹንና ደረጃዎቹን በዙሜ እቀጥላለሁ፤ 20ው ለጊዜው ይቆያል። ሌንሱ ያገለገለ ስለሆነ ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት ምን ምን መፈተሽ እንዳለብኝ ብትጠቁሙኝ የመጨረሻ ጥያቄዬ ይሆናል።

መልስ፦ ከ«ጥቁርና ነጭ»

ከሁሉ በፊት የፊቱን መስታወት ይመልከቱ። ይህ ሌንስ ፊቱ እንደ ጉልላት ወጣ ያለ ስለሆነ እንደሌሎቹ ሌንሶች የሚጠመዘዝ መከላከያ ፊልተር አይወስድም፤ በመሆኑም ጭረት የመኖሩ ዕድል ከፍ ያለ ነው። በስልክ መብራት ከጎን አብርተው ይዩት፤ ጥቂት ቀጭን ጭረት ፎቶ ላይ አይታይም፤ ፀሐይ በፍሬሙ ውስጥ በገባች ጊዜ ግን ሰፋ ያለ ጭረት ነጭ ጭጋግ ይፈጥራል። ክዳኑ አብሮ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ያለ ክዳኑ ይህን ሌንስ በቦርሳ ይዞ መንቀሳቀስ አይሆንም።

ቀጥለው በጡብ የተሠራ ወይም ቀጥ ያለ መስመር ያለው ሰፊ ግድግዳ ይፈልጉ። ካሜራውን በትራይፖድና በውሃ ልክ አስተካክለው ፊት ለፊት በኤፍ 2.8፣ ቀጥሎም በኤፍ 8 ያንሱ። ፎቶውን በኮምፒውተር ላይ አጉልተው አራቱን ማዕዘኖች ያነጻጽሩ። አራቱም በኤፍ 2.8 እኩል ደብዘዝ ቢሉ የተለመደ ነው፤ አንደኛው ወገን ጥርት ብሎ ሌላኛው በኤፍ 8 እንኳን ካልጠራ ግን በውስጡ ካሉት መስታወቶች አንዱ ከመስመሩ ወጥቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው በቀላሉ አይጠገንም፤ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይለፉት። ካሜራው ትይዩ ባለመሆኑ ሌንሱን በከንቱ እንዳይከሱ ካሜራውን ገልብጠው፣ ላዩን ወደ ታች አድርገው አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ ድብዛዜው ከሌንሱ ጋር አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የሌንሱ ነው፤ በግድግዳው ላይ በነበረበት ቦታ ከቀረ ደግሞ ካሜራው ከግድግዳው ጋር ትይዩ አልነበረም።

በመጨረሻም የአፐርቸር ቀለበቱን ከኤፍ 2.8 እስከ 22 ቀስ ብለው ያዙሩና ምላጮቹ ዘይት እንዳልነካቸው፣ እኩልም እየተዘጉ መሆናቸውን ይዩ፤ የፎከስ ቀለበቱም በመሃል ሳይያዝ መዞር አለበት። ባልደረባዎ ስለሆኑ ሁለትና ሦስት ቀን እንዲያቆዩልዎት ቢጠይቋቸው ይህንን ሁሉ ሳይጣደፉ በቅዳሜ ጠዋት ብርሃን መጨረስ ይችላሉ።